ባለቤቱ ለቅሶ ሲሄድ ማን ይወስናል? የድርጅት ውስጣዊ አደረጃጀቶች ንጽጽር

ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አጠገቤ ያሉት ሰው የቤት ዕቃ ማምረቻ አላቸው፤ 22 ሰራተኛ ያስተዳድራሉ። ስልካቸው አላስቀምጥ አላቸው። "ጋሼ፣ ቫርኒሽ አልቋል፣ ልግዛ?" "ጋሼ፣ የቁም ሳጥኑ ደንበኛ መጥቷል፣ ቀሪውን ሳይከፍል እንጫንለት?" "ጋሼ፣ ሾፌሩ ነዳጅ እያለ ነው።" እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየተንሾካሾኩ ይመልሳሉ። አምስተኛው ሲደወል ተነስተው ወጡ። ሲመለሱ በጆሮዬ "ድርጅቱ ማለት እኔ ነኝ ማለት ነው?" አሉኝ።

አዎ፣ ናቸው።

የሚገርመው መዋቅር አላቸው። አማካሪ ከፍለው ያሰሩት ቻርት በፍሬም ሆኖ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። 11 ሳጥን ተስሎበታል። "የማርኬቲንግና ፕሮሞሽን ዳይሬክቶሬት" የሚል ሁሉ አለ። ዳይሬክተሩ ግን የለም። ቻርቱ ከአንድ ትልቅ ድርጅት የተገለበጠ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ማየት አያስፈልግም።

ይህን የምጽፈው እንደ እሳቸው ላሉ ሰዎች ነው። ከአምስት እስከ ሁለት መቶ ሰራተኛ ያለው፣ መዋቅር ሊሰራ ወይም ሊቀይር ያሰበ፣ አንዱ አማካሪ "ማትሪክስ" ሌላው "ፍላት" እያለው ግራ የገባው ሰው ያንብበው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር፣ አክሲዮን ማህበር፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የገባው ባለ አንድ አባል ማህበር፣ እነዚህ ህጋዊ ቅርጾች ናቸው። ለመንግስት፣ ለባንክና ለባለገንዘብ ማን እንደሚጠየቅ ይናገራሉ። እኛ የምናወራው ስለ ውስጡ ነው። ማን ለማን ተጠሪ ነው? ማን እስከ ስንት ብር ይፈርማል?

መመዘኛዎቹ

ስም ከመምረጣችሁ በፊት በምን እንደምትመዝኑ ወስኑ። እኔ አምስት ነገር አያለሁ።

አንደኛው የለቅሶ ፈተና ነው። ባለቤቱ ሶስት ቀን ስልኩን ቢያጠፋ ምን ይቆማል?

ሁለተኛው የውሳኔ መንገድ ነው። የ4,000 ብር ግዥ ከተጠየቀበት ሰዓት እስከ ተገዛበት ስንት እጅ ያልፋል? አንድ ቀን ወረቀቱን ተከትላችሁ ሂዱና ቁጠሩ። ከአራት እጅ በላይ ካለፈ ችግር አለ።

ሶስተኛው ተጠያቂነት ነው። የደንበኛ ዕቃ ሲበላሽ የአንድ ሰው ስም መጥራት ትችላላችሁ? "እኛ ነን" የሚል መልስ ከመጣ ማንም አይደለም ማለት ነው።

አራተኛው ሙያ ነው። ሂሳብ ሰራተኛው ከሱ የሚሻል ሂሳብ አዋቂ አለቃ አለው? አናጺው ከማን ይማራል?

አምስተኛው ወጪ ነው። ሰዉ የሚያስበው ደሞዙን ብቻ ነው። አሰሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ጠረጴዛው፣ ኮምፒውተሩ፣ ትራንስፖርቱ ይረሳል።

ደግሞ አንድ ምክር። አንድ ድርጅት በእውነት እንዴት እንደሚሰራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቻርቱን አትዩ። ማህተሙ የማን መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ጠይቁ።

1. ሁሉም በባለቤቱ በኩል

አብዛኛው የአገራችን ንግድ የሚጀምረው በዚህ ነው። አንድ ባለቤት አለ፣ ሰራተኛው ሁሉ ተጠሪነቱ ለእሱ ነው። ወጪው ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ውሳኔው በአንድ ስልክ ያልቃል። ደንበኛው ባለቤቱን በስሙ ያውቀዋል። ሰባት ሰው ያለው ካፌ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። "ፕሮፌሽናል ሁን" ብሎ መዋቅር የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።

ድንበሩ የት ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የኤሪ ባቡር መስመርን ይመራ የነበረው ዳንኤል ማካለም እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ይህንኑ ነበር የሚያወጣ የሚያወርደው። 80 ኪሎ ሜትር መስመር የሚመራ ሰው እያንዳንዷን ነገር በራሱ ዓይን ሊያይ ይችላል፤ 800 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን ያው አሰራር ይፈርሳል ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1855 ያሰራው ቻርት ከመጀመሪያዎቹ የድርጅት ቻርቶች አንዱ ነው። ቅርጹ እንደ ዛፍ ነው፤ ቦርዱና ፕሬዚዳንቱ ያሉት ከላይ ሳይሆን ከታች ስሩ ላይ ነው።

በኔ ልምድ የኛ አገር "80 ኪሎ ሜትር" ከ10 እስከ 12 ሰራተኛ ነው። ወይም ሁለተኛ ሱቅ የተከፈተበት ቀን። ከዚያ በኋላ የለቅሶ ፈተናን አያልፍም።

2. በስራ ክፍል

ምርት፣ ሽያጭ፣ ሂሳብ፣ ግዥና ስቶር። ተመሳሳይ ሙያ ያላቸው አንድ ላይ ይሆናሉ፤ የየክፍሉ ኃላፊ ለስራ አስኪያጁ ተጠሪ ነው። በሙያ መመዘኛ ይህን የሚያህል የለም። አዲሱ ሂሳብ ሰራተኛ ከነባሩ ይማራል። ዕቃ በአንድ በኩል ስለሚገዛ ዋጋ ይቀንሳል። ሁለት ግምጃ ቤት፣ ሁለት ገንዘብ ያዥ አያስፈልግም።

ጣጣው በክፍሎቹ መካከል የሚቆመው ግድግዳ ነው። እዚያው የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሽያጭ ላይ ያለችው ልጅ ለሰርግ የሚደርስ የሳሎን ዕቃ በ10 ቀን አደርሳለሁ ብላ ቀብድ ተቀበለች። ትዕዛዙ ምርት ክፍል የደረሰው በሰባተኛው ቀን ነው። ስፖንጁ የለም። ግዥ ክፍል ሶስት ፕሮፎርማ ይምጣ አለ። ሂሳብ ክፍል ፕሮፎርማው ማህተም የለውም ብሎ መለሰው። ሙሽሮቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ግን ስራውን በደንብ ነው የሰራው! ሽያጭ ሸጠች፣ ግዥ መመሪያ አከበረ፣ ሂሳብ ተጠነቀቀ። ሶስተኛው መመዘኛ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሰርጉን ማን ነው የበደለው?

መድኃኒቱ ሌላ መዋቅር ላይሆን ይችላል። ሁለት ነገር ይበቃል። የየኃላፊው የፊርማ ጣሪያ በብር ይጻፍ፤ ሰኞ ጠዋት ኃላፊዎቹ ለግማሽ ሰዓት ቆመው የሳምንቱን ትዕዛዝ አንድ በአንድ ይለፉት። ለ900 ብር ዕቃ ሶስት ፕሮፎርማ መጠየቅም ይቅር። ወረቀቱን የሚያመጣው ልጅ የታክሲና የቀን ወጪ ከሚተርፈው በላይ ነው።

ይህ አደረጃጀት ለትንሽ ድርጅት ብቻ ነው የሚል ወሬ አለ። ልክ አይደለም። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ አፕል ሲመለስ ኩባንያው በዘርፍ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱን ትርፍና ኪሳራ ይዞ ነበር። የዘርፎቹን ስራ አስኪያጆች አሰናብቶ መላ ኩባንያውን በስራ ክፍል መልሶ አዋቀረው፤ ሂሳቡንም አንድ አደረገው። ከዚያ በኋላ አፕል ምን ያህል እንዳደገ ታውቃላችሁ። በእርግጥ ክፍሎቹን ሁሉ የሚያገናኝ አንድ ጠንካራ ሰው ከላይ ነበር። ያ ሰው ከሌለ ግድግዳው ይረዝማል።

3. በዘርፍ ወይም በቅርንጫፍ

ድርጅቱ ወደ ትናንሽ ድርጅቶች ይከፈላል። መለያው ምርት (ዳቦ፣ ዱቄት፣ ካፌ)፣ ቦታ (አዳማ፣ ባህር ዳር) ወይም ደንበኛ (ጅምላ፣ ችርቻሮ) ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ኃላፊ፣ የራሱ ሰራተኛ፣ ከሁሉም በላይ የራሱ ትርፍና ኪሳራ አለው።

የታወቁት ፈር ቀዳጆች የአሜሪካዎቹ ኬሚካል አምራች ዱፖንት እና መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ ናቸው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1920ዎቹ። አልፍሬድ ስሎን ጄኔራል ሞተርስን ሲያደራጅ ሸቭሮሌ፣ ቡይክ፣ ካዲላክና ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ አደረገ። የበላዩ ቢሮ ገንዘቡንና አጠቃላይ ፖሊሲውን ያዘ። ወደ አገራችን ስንመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕን ውሰዱ። መንገደኛ ማጓጓዝ፣ ጭነት፣ የአውሮፕላን ጥገና፣ የስልጠና አካዳሚ፣ የምግብ ዝግጅት፣ የመሬት አገልግሎት። ስራዎቹ አይመሳሰሉም፣ ደንበኞቹም አይመሳሰሉም። ጥገናው ክፍል የሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን ጠግኖ ያስከፍላል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሂሳብ ቢጨፈለቅ የቱ እንደሚያተርፍ አይታወቅም።

በለቅሶ ፈተና ይህ አደረጃጀት በጣም ጥሩ ነው። የአዳማው ኃላፊ የአዳማን ይወስናል። ተጠያቂነቱም ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ ይናገራል።

ወጪው ግን ይከብዳል። ሶስት ቅርንጫፍ አለኝ እንበል። ለእያንዳንዱ በወር 15,000 ብር የሚከፈለው ሂሳብ ሰራተኛ ቀጠርኩ። ደሞዙ ብቻ 45,000 ነው። 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመር 49,950። በዓመት 599,400 ብር ማለት ነው፤ ገና ለሂሳብ ብቻ። ሶስቱን በአንድ ዋና ቢሮ ያለ ጎበዝ ሂሳብ ሰራተኛና አንድ ረዳት ሊይዙት ይችሉ ይሆናል። ቅርንጫፉ ይህን ተጨማሪ ወጪ የሚሸፍን ካልሆነ የኃላፊነት ስም እንጂ ዘርፍ አትስጡት።

ሌላው ጠብ የእርስ በርስ ዋጋ ነው። ወፍጮ ቤቱ ለዳቦ ቤቱ ዱቄት በስንት ይሸጥ? በገበያ ዋጋ ከሆነ ዳቦ ቤቱ "ከውጭ እገዛለሁ" ይላል። በወጪ ዋጋ ከሆነ ወፍጮ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ትርፍ የለውም፣ ኃላፊውም ቦነስ አያገኝም። ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ድርጅቱን በዘርፍ ከመከፋፈላችሁ በፊት ይህ ዋጋ በጽሁፍ ይወሰን።

ባንኮቻችንን አይቶ "እኔም በቅርንጫፍ ላደራጅ" የሚል አለ። ተጠንቀቁ። ቅርንጫፉና ዲስትሪክቱ በቦታ የተከፈለ ይመስላል። ብድሩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ግን ውሳኔው ወደ ላይ ይሄዳል። ቅጥሩ፣ ቴክኖሎጂው፣ ህጉ በዋናው መስሪያ ቤት ክፍሎች እጅ ነው። ከውጭ በቦታ፣ ከውስጥ በስራ ክፍል የሆነ ቅይጥ ነው። ቅይጥ ነውር የለውም። እንዲያውም መሃል ላይ ላለ ድርጅት የምመርጠው እሱን ነው፤ ሽያጩ በየቅርንጫፉ፣ ሂሳብና ግዥ በማዕከል።

4. ማትሪክስ

አንድ ሰራተኛ፣ ሁለት አለቃ። አንዱ የሙያው፣ ሌላው የፕሮጀክቱ።

እኔ ሁለት ዓመት ሰርቼበታለሁ። ድርጅቱን አልጠራም። የፋይናንስ ኦፊሰር ነበርኩ። ለፋይናንስ ኃላፊዋም ለፕሮጀክት አስተባባሪውም ተጠሪ ነኝ። የወር መዝጊያ ላይ አስተባባሪው "ነገ ሀዋሳ ለመስክ እንወጣለን" ይላል። ኃላፊዋ "ሪፖርቱ ሳያልቅ ከወንበርህ እንዳትነሳ" ትላለች። የዓመት ፈቃድ ቅጹ ላይ ሁለት የፊርማ ቦታ አለ። አንዱ ሲፈርም ሌላው መስክ ነው። የእህቴ ሰርግ አርብ ነበር፤ ሁለተኛው ፊርማ የመጣው ሰኞ ነው። የሄድኩት እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ግን ጣጣ ብቻ ነው ብሎ መተውም አይቻልም። ማትሪክስ የሚፈታው እውነተኛ ችግር አለ። ስራ ተቋራጭ ድርጅትን አስቡ። አራት ሳይት፣ ሁለት ዶዘር። ለእያንዳንዱ ሳይት ዶዘር ልግዛ ቢል ይከስራል። ስለዚህ ዶዘሩ በመሳሪያ ክፍል ስር ሆኖ ለሳይቶች ይመደባል። የሳይቱ መሃንዲስ ዛሬ ይፈልገዋል፤ የመሳሪያ ክፍሉ ለሌላ ሰጥቶታል። ጠቡ የማይቀር ነው። ማትሪክስ ጠቡን ጠረጴዛ ላይ ያመጣዋል። ውድ ሙያ ወይም ውድ መሳሪያ ለብዙ ፕሮጀክት የሚያካፍል ድርጅት ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም።

ትልልቆቹም ተፈትነውበታል። የኤሌክትሪክ መሳሪያ አምራቾቹ የስዊድኑ አሴአ እና የስዊዘርላንዱ ብራውን ቦቬሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ተዋህደው የፈጠሩት ኤቢቢ በዓለም በማትሪክሱ የታወቀ ነበር። በአገርና በምርት ሁለት መስመር ይመራ ነበር። ከአስር ዓመት በኋላ የአገሩን መስመር አፈረሰው።

ከገባችሁበት አንድ ህግ ያዙ። ደሞዝ፣ ፈቃድና ግምገማ የአንዱ አለቃ ብቻ ይሁን። የሌላው ስልጣን የቀን ስራን መመደብ ላይ ይቁም። ሁለቱ ሲጣሉ የሚዳኝ ሰውም ስሙ ተጽፎ ይቀመጥ። ከ40 ሰው በታች ለሆነ ድርጅት ግን አልመክርም።

5. ጠፍጣፋው፣ አለቃ የሌለበት

የቴክኖሎጂ ልጆች ይወዱታል። ማዕረግ የለም፣ ቡድን ነው የሚወስነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሰረተው የጎርቴክስ ጨርቅ አምራች ጎር ለአሰርት ዓመታት እንዲህ ሰርቷል። ሚስጥሩ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያለውን ሰው ወደ 200 ገደማ ሲደርስ ሌላ ፋብሪካ መክፈቱ ነው፤ ሰው ሰውን እንዲያውቅ። ጫማ ሻጩ ዛፖስ ደግሞ ስራ አስኪያጅ የሚባለውን ማዕረግ አጥፍቶ ሆላክራሲ ወደሚባል ስርዓት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2015 ያልተስማማው ገንዘብ ተሰጥቶት ይሂድ ሲባል 14 በመቶ ያህሉ ሰራተኛ ወጣ።

እኛ ጋ ያለው እንቅፋት ሌላ ነው። ገቢዎች "ስራ አስኪያጁ ይፈርም" ይላል። ባንኩ ፈራሚ ይፈልጋል። ደንበኛው "አለቃችሁን ጥሩልኝ" ይላል። አለቃ የለንም ስትሉት ይስቃል፣ ወይም ይቆጣል። ደግሞ አለቃ የለም ሲባል አለቃ አይጠፋም፤ ይደበቃል። ከባለቤቱ ጋር ምሳ የሚበላው ልጅ አለቃ ይሆናል። እሱን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም። ለስድስት ፕሮግራመር ጥሩ ነው። ለዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ አይሆንም።

ከአምስቱ ውጭ የህብረት ስራን አልዘለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሰረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ዓይነት ማለት ነው። መሰረታዊ ማህበሩ ቡናውን ይሰበስባል፣ ዩኒየኑ ወደ ውጭ ይልካል። ስልጣኑ ከታች ወደ ላይ ነው። የሚያዋጣው ግን አባሎቹ ባለቤትም አምራችም ሲሆኑ ነው። ለአንድ ሰው ድርጅት አይደለም።

በአንድ እይታ

| አደረጃጀት | የለቅሶ ፈተና | የውሳኔ ፍጥነት | ተጠያቂነት | ሙያ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በባለቤቱ በኩል | ይወድቃል | እሱ ካለ በጣም ፈጣን | ሁሉም ባለቤቱ ላይ | ደካማ | እዚህ ግባ የማይባል |
| በስራ ክፍል | የፊርማ ጣሪያ ከተጻፈ ያልፋል | መካከለኛ | በክፍሎች መካከል ይጠፋል | በጣም ጥሩ | መካከለኛ |
| በዘርፍ/በቅርንጫፍ | በደንብ ያልፋል | ፈጣን | ግልጽ | ይበታተናል | ከፍተኛ |
| ማትሪክስ | ዳኛ ካለ ያልፋል | ቀርፋፋ | ለሁለት ይከፈላል | ጥሩ | ከፍተኛ፤ ስብሰባው ራሱ ወጪ ነው |
| ጠፍጣፋ | በሰዎቹ ይወሰናል | ትንሽ ቡድን ላይ ፈጣን | ደብዛዛ | ጎበዞች ካሉ ጥሩ | ዝቅተኛ |

የቱ ለማን?

ከ12 ሰው በታች ከሆናችሁና ብር ከሌላችሁ ባላችሁበት ቆዩ። አንድ ምክትል ብቻ ሰይሙ። እስከ ስንት ብር መወሰን እንደሚችል ጻፉለት፤ ቁጥሩን ሰራተኛው ሁሉ ይወቅ።

ከ12 እስከ 60 ከሆናችሁ፣ ምርታችሁም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ በስራ ክፍል። አራት ክፍል ይበቃል። ሳጥን ለሰው ማዕረግ መስጫ አታድርጉት። "ነባር ነው፣ ቅር እንዳይለው" ተብሎ የተፈጠረ ክፍል ሁሉ በኋላ ያስከፍላል።

ሁለትና ከዚያ በላይ ከተማ ውስጥ ካላችሁ ቅይጡን ሞክሩ። ገንዘብ ካለና እያንዳንዱ ቦታ ራሱን ከቻለ ሙሉ ዘርፍ አድርጉት።

በፕሮጀክት የምትሰሩ ከሆነ፣ ሰዉም መሳሪያውም ውድ ከሆነ፣ ማትሪክስ። የቤተሰብ ድርጅት ከሆነ ግን በፍጹም። እህትና ወንድም የአንድ ሰራተኛ ሁለት አለቃ ሲሆኑ ሰራተኛው እናትዬውን ሶስተኛ አለቃ ያደርጋቸዋል።

ከመቀየራችሁ በፊት

የመንግስት መስሪያ ቤቶች አሰራራቸውን እንደ አዲስ እንዲያዋቅሩ የተደረገበትን የቢፒአርን ዘመን የምናስታውስ እናውቃለን። "መምሪያ" የነበረው "የስራ ሂደት" ተባለ። በሩ ላይ ያለው ጽሁፍ ተቀየረ። ብዙ ቦታ ከበሩ ኋላ ያለው ፊርማ ግን ያው ነበር። ቅድሚያ ፊርማውን ቀይሩ።

ማዕረግ ስትሰጡም ህጉን እዩ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስራ መሪዎችን አይመለከትም። የስራ መሪ የሚያሰኘው ግን ስሙ ሳይሆን ስልጣኑ ነው፤ ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም፣ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማሰናበት መቻል። "ማናጀር" ብላችሁ ሰይማችሁት ምንም ስልጣን ካልሰጣችሁት በህጉ ዓይን ሰራተኛ ነው፤ የትርፍ ሰዓቱን ይጠይቃችኋል፣ ልክም ነው። መዋቅሩ ሰው የሚያስቀንስ ከሆነ ደግሞ ከ20 እስከ 50 ሰው ባለበት ድርጅት አምስት ሰው ሲነካ የሰራተኛ ቅነሳ ደንብ ይመጣል፤ ከሰራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር ግዴታ ነው። ከጠበቃ ጋር አንድ ሰዓት መቀመጥ ርካሽ ነው።

የቤት ዕቃ አምራቹ ጋሼ ቻርቱን ከግድግዳ አወረዱት። በምትኩ ስቶር በር ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ተለጠፈ። የምርት ኃላፊ እስከ 8,000 ብር፣ የሽያጭ ኃላፊ ቅናሽ እስከ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ስራ አስኪያጅ። ቀሪ ሳይከፈል ዕቃ አይወጣም። የጀመሩት ሐምሌ 1 ነው። የበጀት ዓመታቸው የሚከፈተው ያን ቀን ስለሆነ የየክፍሉ ወጪ ከዜሮ ይነሳል። እናንተም ከቻላችሁ እንዲሁ አድርጉ። መስከረም ላይ ከጀመራችሁ የሁለት ወሩን ሂሳብ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ለየክፍሉ ማከፋፈል አለባችሁ፤ እሱ ደግሞ ሂሳብ ሰራተኛዋን ቅዳሜና እሁድ ያስገባታል።